የጠርሙስ ዶቃና የስልክ ሽቦ

«ለመሆኑ ምኑን ይዤ ልዙርለት?» አለች ዓለሚቱ። ንፍሮዋን ከመዳፏ እየለቀመች ታኝካለች። «ነገ የወንድ ልጅ ሰልስት ነው። ሰው ክብ ሠርቶ ሲያለቅስ መሀል ላይ የሚያዝለት ነገር ይፈልጋል። ጠመንጃ የለው፣ ጋሻ የለው። ጦሩንማ ሽጦ ጉጠት ገዛበት አሉ።»

«እውነት ነው» አለች ውብአለም። «ጉጠት ገዛበት።»

ባሏን አድማሱን የቀበረችው ትናንት ነው። ፀጉሯን ተላጭታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወገቧን በገመድ ታጥቃለች። ዓለሚቱ ደግሞ ከእብናት እስከ ደብረ ታቦር ስሟ የታወቀ አልቃሽ ናት። ሟቹን ባታውቀውም ግድ የላትም፤ ዋዜማውን ከቤተ ዘመዱ ጠይቃ፣ ግጥሟን በሆዷ ሰድራ ታድራለች። በማግስቱ ድንጋይ ታስለቅሳለች።

«አባቱ ባላምባራስ ይርጋ ነግረውኛል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የጣልያንን የስልክ ሽቦ ሲቆርጥ ነው የገደሉት አሉ። ይኸ መልካም ነው፤ ለግጥምም ይመቻል። አንቺ የምትጨምሪልኝ ካለ ንገሪኝ።»

«አልቆረጠም።»

«ምን አልሽ?»

«አርበኞች ቆርጠው የጣሉትን ነው ከመንገድ ዳር የለቀመው። አምባር ሊሠራበት።»

ዓለሚቱ ማኘኳን አቆመች። ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና የቀረውን ንፍሮ ወደ ገበታው መለሰችው። «ልጄ፣ ይኸን ሌላ ሰው እንዳይሰማሽ» አለች።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ ማን ይሰማል? ግቢው ጢም ብሏል። ሦስት ዓመት ሙሉ የአድማሱን ደጃፍ ያልረገጠ ዘመድ ዛሬ ለመቀመጫ ይሻማል። ወናፍ የሚነፋ ሰው ዓይኑ ክፉ ነው፣ ከቤቱ እህል አይቀመስም ሲሉ የኖሩት ናቸው። ሽቦ ሲቆርጥ ሞተ የሚለው ወሬ በአገሩ ሲዳረስ ግን ሁሉም የሥጋ ዘመዱ ሆኖ ቁጭ አለ። ጣልያንም እንደሆነ ከደብረ ታቦር ምሽጉ ወጥቶ እዚህ ተራራ ላይ ለቅሶ ሊበትን አይመጣም፤ አርበኞቹን ይፈራል። ስለዚህ ሰዉ እንደልቡ ያወራል።

አድማሱ የባላምባራስ የበኩር ልጅ ነው። እጁ ለሞፈርና ለጦር የተወለደ ነበር ይላሉ። ጣልያን ደብረ ታቦር በገባ በዓመቱ ገብስ ሊሸጥ ገበያ ወረደና ዑመርን አገኘው። ዑመር የብር ጌጥ ሠሪ ነው። ያን ጊዜ ብር ይዞ የሚመጣ ሰው ስለጠፋ ሥራ ፈትቶ፣ ከሱቁ በር ተቀምጦ ቁራጭ ሽቦ በጣቱ ይጠመዝዛል። አድማሱ ቆሞ አየው። ገብሱን ረሳው። ሲመሽ ዑመር ቤት አደረ፣ በሦስተኛው ቀን ነው ወደ ሚስቱ የተመለሰው። የመጣውም በሩጫ ነው፤ ላቡ እስከ እግሩ ወርዷል። ውብአለም ሰው የሞተ መስሏት ደንግጣ ወጣች።

«እጅሽን ዘርጊ» አላት።

በመዳፏ ላይ አንድ ነገር አስቀመጠላት። የባቄላ ፍሬ ታክላለች፣ አረንጓዴ ናት፣ አንድ ጎኗ አብጧል።

«ዶቃ ናት። ጣልያን ጠጥቶ ከሰፈሩ ጀርባ ከሚጥለው ጠርሙስ ነው የሠራናት። እይ፣ ቀዳዳ አላት። በቀዳዳዋ ፀሐይ ይታያል።»

ውብአለም አገላብጣ አየቻት። «የፍየል በጠጥ ነው የምትመስለው» አለችው።

አድማሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ያቺን ዶቃ ከዚያ ወዲህ የፍየሏ እያሉ ነበር የሚጠሯት።

ከዚያ ወዲያ ከቤታቸው ጓሮ ትንሽ ጎጆ ቀለሰና ምድጃ አበጀ። ሰው ምንም ይበል፣ ውብአለም እንደዚያ ዘመን ደስ ብሏት አታውቅም። የተሠራው ዶቃ ወዲያው ብርድ ከነካው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በሙቅ አመድ ውስጥ ተቀብሮ ያድራል። ጠዋት ጠዋት አድማሱ እሷ ሳትነቃ አመዱን አይነካም ነበር። ይቀሰቅሳታል፣ ሁለቱም ይንበረከኩና ለብ ያለውን አመድ በጣታቸው ይበረብራሉ። የቢራው ጠርሙስ ማር መስሎ ይወጣል። የወይን ጠጁ እንደ እሸት ባቄላ ይሆናል። አንዳንዴ ሁለቱ ቀልጠው ይቀላቀሉና ማንም ያላሰበው ቀለም ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ አድማሱ ጎረቤት እስኪሰማ ይጮኻል። አንድ ቀን ሰማያዊ የመድኃኒት ጠርሙስ አግኝቶ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣ። ዶቃውን በሽቦ የምታስረው እሷ ነበረች፤ ሽቦውን ሦስቴ ጠምዝዞ ዶቃውን ማቀፍ ከእሱ ይልቅ ለእሷ ጣት ይታዘዝ ነበር። «አንቺ ባትኖሪ ዶቃዬ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል» ይላታል።

ባላምባራስ በበቅሎ አንድ ጊዜ መጥተው ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆመው ጭሱን አዩ፣ የወናፉን ድምፅ ሰሙ። ከበቅሎ ሳይወርዱ ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃቸውን በስሙ አልጠሩትም።

ወደ ከሰዓት ዑመር መጣ። አስከሬኑን ከጣልያኖቹ ለምኖ፣ በአህያ ጭኖ ያመጣው እሱ ነው። ከግቢው በር አጠገብ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ባላምባራስ አዩትና ተነስተው ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱት። ውብአለም ከጓሮው ጎጆ ውስጥ፣ ከግድግዳው ጀርባ ሆና ትሰማለች።

«ዑመር፣ ሲሞት አብረኸው የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ነገ ሰዉ ይጠይቅሃል።»

«አዎ ባላምባራስ። ያየሁትን አይቻለሁ።»

«ያየኸውን ሆድህ ይፍጀው። ሽቦውን ሲቆርጥ ተያዘ በል።» ድምፃቸው የትዕዛዝ አልነበረም፤ የልመና ነበር። «ልጄ እንዲያው በከንቱ ሞተ አይባልብኝ።»

ዑመር አቀርቅሮ ወደ ጎጆው ገባና ውብአለምን አገኛት።

«አላህ ሰብሩን ይስጥሽ እህቴ» አለ።

«አሜን። አያ ዑመር፣ እንዴት እንደሞተ ንገረኝ። ሁሉም ይነግረኛል፤ ያየው ግን የለም።»

ዑመር በሩን መለስ አደረገው። «ወደ እብናት ገበያ ስንሄድ ኬላው ላይ ፈተሹን። ሥንቅና ጌጥ ነው ብለው ለቀቁን። ለቀውን ነበር፣ ውብአለም። አንድ ባንዳ ወታደር አምባር አየና ለሚስቴ ስጠኝ አለው። ሰጠው። ወታደሩ፣ እንዴት ነው የምትሠሩት ብሎ ጠየቀ።»

ዑመር ከመሬቱ አንድ ቁራጭ ሽቦ አነሳ።

«ታውቂዋለሽ። ይኸን ከጠየቁት ወዲያ ማን ያስነሳዋል? ና እንሂድ ብዬ ክንዱን ጎተትኩት። እሱ መንገዱ ላይ ተቀመጠ። ጥቅሉን ፈታ፣ ዶቃውን ሁሉ በኩታው ላይ ዘረገፈ። ሰማያዊውን አንስቶ ወደ ፀሐይ ያሳያቸዋል፣ ሽቦው እንዴት እንደሚጠመዘዝ ያሳያቸዋል። ወታደሮቹ ከበቡት። ይሥቃል፣ ያስቃቸዋል። ሰው ሲሰበሰብ አለቃቸው ጣልያኑ መጣ። አምባሩን ተቀብሎ በቢላ ፋቀው። ይኸን ሽቦ ከየት አመጣኸው ብሎ በአስተርጓሚ ጠየቀው። አድማሱ ጣልያኑ ደስ ብሎት የሚጠይቀው መሰለው። እየሳቀ፣ ‹ከእናንተው ነው፤ ጠርሙሱም ሽቦውም ከእናንተው ነው› አለ። ከዚያ ወዲያ አልዘገየም፤ እዚያው ተኩሶ ጣለው።»

ውብአለም ግድግዳውን ተደገፈች።

«ይኸን ነገ ብናገር ሞኝ ነበር ይሉታል» አለ ዑመር። «ዘመዱም ተነስቶ ይሄዳል፣ አንቺም እንደ ድሮው ብቻሽን ትቀሪያለሽ። ብዋሽ ጀግና ሆኖ ይቀራል። እኔ እንዳልሽኝ ነኝ። ንገሪኝ።»

ምን ትበለው? እንጃ ብላ እጇን አወዛወዘች። ዑመርም አላስጨነቃትም፤ ወጥቶ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

በማግስቱ ሕዝቡ ሜዳው ላይ ክብ ሠራ። ባላምባራስ ለጣልያን አላስረክብም ብለው ቀብረውት የነበረውን የራሳቸውን ጠመንጃ አስቆፍረው አምጥተው ነበር። አፈሩ እንኳ ከሰደፉ አልለቀቀም። ዓለሚቱ ጠመንጃውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ መሀል ገባችና ዞረች፤

የጣልያንን ምላስ በጠሰው ከሥሩ፣
ይርጋ የወለደው አንበሳው ላገሩ።

ሰዉ ደረቱን መታ። ወንዶቹ ወየው አሉ፣ ሴቶቹ ፊታቸውን ነጩ። ባላምባራስ አንገታቸውን ቀና አድርገው እንባቸውን ለቀቁት። ሦስት ዓመት የያዙት እንባ ነው።

ውብአለም ግን ዓይኗ ደረቅ ነው። እንባ እንዲመጣላት ታገለች፣ እምቢ አላት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮ ግን ሰምቷል። «ባሏ ሞቶ ዓይኗ አልረጠበም» አለች አንዷ ከኋላዋ። «የቀጥቃጭ ሚስት ምን ልብ አላት» አለች ሌላዋ። ውብአለም ጠመንጃውን አየችው። አድማሱ ይኸን ጠመንጃ በእጁ ነክቶት አያውቅም። እነዚህ ሁሉ ሰዎች የሚያለቅሱት ለሌላ ሰው ነው፤ እሷ ለማታውቀው፣ አንበሳ ለሚባል ሰው። በፍየል በጠጥ እንባው እስኪወርድ ለሚሥቀው፣ አመድ ሲበረብር ለሚጮኸው ማን ሊያለቅስለት ነው? ዛሬ ካልተለቀሰለት መቼም አይለቀስለትም።

ተነሳች። ክቡን ሰንጥቃ ገባች። ዓለሚቱ መዞሯን አቆመች። ውብአለም ግጥም ገጥማ አታውቅም፤ ድምፅዋም እየተሰበረ ነው የወጣው፤

ጣልያን የጠጣውን ጠርሙስ ሰባብሮ፣
የሴቱን ሁሉ አንገት አበራው ዘንድሮ።

ውብአለም ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ሽቦ አልቆረጠም» አለች። «ለቅሞ ነው። አምባር ሊሠራበት ለቅሞ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ጠየቁት፣ ደስ ብሎት አሳያቸው፣ ገደሉት። ሞኝ በሉት። የእኔ ሞኝ ነው፣ ለእሱ ነው የማለቅሰው።»

ሁሉም ወደ ዑመር ዞረ። ዑመር ከዳር ብድግ አለ። «እውነቷን ነው» አለ። «ያየሁት እኔ ነኝ።»

ጉርምርምታ ተነሳ። የባላምባራስ ወንድሞች ጋቢያቸውን እያጣፉ ተነሱ፣ እነሱን ተከትሎ ብዙ ሰው ተነሳ። ባላምባራስ አልተነሱም፤ ቀናም አላሉ። ዓለሚቱ የሚሄዱትን በዓይኗ ሸኘች። ከዚያ ጠመንጃውን ቀስ አድርጋ ሣሩ ላይ አስተኛችው። አልቃሽ ናትና እውነተኛ ግጥም ስትሰማ ታውቃለች። የውብአለምን ግጥም ተቀብላ በዚያ ተራራ በሚያናጋ ድምፅዋ ደገመችው። የቀሩት ሴቶች ተቀበሏት። የውብአለም እንባ ያን ጊዜ መጣ፣ መጣና አልቆም አለ፤ ሁለት ሴቶች ደግፈው ከሜዳው አወጧት።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሰዉ ሁሉ ተበተነ። ውብአለም ከጓሮው ጎጆ ገብታ ከቀዘቀዘው ምድጃ አጠገብ ተቀምጣለች። በሩ ጨለም አለ። ባላምባራስ ይርጋ ጎንበስ ብለው ገቡ። እዚህ ጎጆ ገብተው አያውቁም። ልትነሳ ስትል በእጃቸው ከለከሏት።

«ተቀመጪ።»

እሳቸውም መሬት ላይ ተቀመጡ። ስድብ ወይ እርግማን ይመጣል ብላ ጠበቀች። አዋረድሺኝ፣ ልጄን መሣቂያ አደረግሽው ይሉኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ወናፉን አዩት፣ ጉጠቱን አዩት።

«በየትኛው እጁ ነበር?» አሉ።

«ምኑን አባባ?»

«ያንን… ዶቃውን ሲሠራ። በየትኛው እጁ ነበር የሚይዘው?»

«ጠርሙሱን በቀኙ ይዞ እሳት ላይ ያቀልጠዋል። የቀለጠውን የሚጠመጥምበትን ዘንግ በግራው ነው የሚይዘው። ዋናው ሥራ የግራው ነው።»

«የግራው» አሉ ባላምባራስ። «ሕፃን ሳለ በግራው ሲጎርስ እጁን እመታው ነበር።»

ወደ ምድጃው ጠጋ አሉ።

«ግራው ምን ያደርጋል?»

«ያዞራል አባባ። ዝም ብሎ ያዞራል። ካረፈ ጠርሙሱ ወደ አንድ ወገን ይወርድና ይበላሻል። እስኪረጋ ድረስ ማረፍ የለም።»

«እስኪረጋ ድረስ።»

«እስኪረጋ።»

ባላምባራስ ግራ እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡ። አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ገጠሙ። በመሀሉ ምንም የለም። ቀስ አድርገው ማዞር ጀመሩ። ሳያርፉ አዞሩ። ውብአለምም በቃ አላለቻቸውም።