የሚስተር ዊልፍ ካቭል

በፈረንጆች ሰማንያ አምስት ጥቅምት ወር፣ ቶሮንቶ ውስጥ፣ ከዳንፎርዝ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ባለው የሚስተር ዊልፍ ቤት አንድ ክፍል ባዶውን ተቀምጦ ነበር። ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ሰፊ፣ ፀሐይ ከወለሉ ላይ ተዘርግታ የምትውልበት። ተከራዩ ተማም ኤድመንተን ሥራ አግኝቶ ከሄደ ወዲህ የቤቱ ሰዎች ክፍሉን እንደ ጉርሻ እርስ በርስ ሲገባበዙት ማንም ሳይቀምሰው ሦስት ሳምንት አለፈ።

ሥርጉት ክፍሉን ፈልጋዋለች። ፈልጋዋለች ሲባል እንዲሁ አይደለም፤ የሕፃኑ አልጋ የት እንደሚቆም ሳይቀር በሐሳቧ ጨርሳለች። ሰባት ወሯ ነው። እሷና ባሏ ተክሌ የሚኖሩት ምድር ቤት ሲሆን፣ ግድግዳው ያልበዋል፤ ትሪ በምታክለው መስኮት የሚታየውም የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ሥራ ሲሄድላት ቀስ ብላ ወደ ፎቅ ትወጣና ፀሐይዋ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ታሞቃለች። በር ሲንኳኳ እንደ ሌባ ሹልክ ብላ ትወርዳለች።

ማታ ግን ሌላ ሰው ናት።

"ክፍሉማ የእትዬ ቦጋለች ነው።"

እትዬ ቦጋለች ስልሳን አልፈዋል። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ይኖራሉ፤ በቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት መሪ ናቸው፤ እሳቸው ሳሉ ሌላ ሰው ቀድሞ ወንበር አይስብም።

"አንቺ እንዲህ ሆነሽ፣ እኔ አሮጊቷ ፎቅ ላይ ልንደላቀቅ? ግቢበት፣ በሞቴ!"

"እኔ ልሙት አልገባም፣ እትዬ! እርስዎ እያሉ?"

"ጥሩ ነው፣ ሁለታችሁም ሙቱና ክፍሉ ለእኔ ይቅር" አለ ሰይፉ። ሰይፉ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ጥናት የሚማር ወንደላጤ ነው፤ የሚኖረውም ፎቅ ላይ፣ ከባዶው ክፍል አጠገብ ባለችው ቁም ሳጥን በምታክል ክፍል ውስጥ ነው።

ባለቤትየው ሚስተር ዊልፍ ነገሩ ግራ ገባቸው። በሰሜን እንግሊዝ፣ ደርሃም በሚባል አገር፣ በልጅነታቸው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ገብተው በጎልማሳነታቸው የወጡ፣ ሚስታቸውን እዚህ ቶሮንቶ የቀበሩ ሽማግሌ ናቸው።

"ክፍሉ ምን ጎደለው? አይጥ አለበት?" አሉ ሰይፉን።

ሰይፉ ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ላቡ ጠብ እስኪል ደከመ። ሽማግሌው ሰምተው ሰምተው፣

"ካቭል እናውጣበታ" አሉ።

ሰይፉ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ አያውቅም። ሚስተር ዊልፍ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ጉድጓድ ውስጥ አንዱ ቦታ ደረቅ ነው፤ ሌላው ውኃ ይንጠባጠብበታል፣ በደረትህ ትሳብበታለህ። አለቃው ይደልድል ከተባለ ደረቁን ለሚያጎበድድለት ይሰጣል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ዕጣ እናወጣ ነበር። ዕጣው ካቭል ይባላል፤ የደረሰህ ቦታም ካቭልህ ነው። ሦስት ወር ያንተ ነው፤ ማጉረምረም የለም።"

ሰይፉ አላስችል ብሎት በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ዋለ። ማታ ሲመለስ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ እራት ላይ ደረሰ።

"ካቭልን አገኘኋት! አንዲት ስመ ሞክሼ አለቻት፣ ትርጉሟ ነገር መሰንጠቅ የሆነ፤ እሷ ግን ከላቲን የመጣች ባዕድ ናት። የከሰል ቆፋሪዎቹ ካቭል ዘመዶቿ ሆላንድ ናቸው፤ እዚያም ዕጣ ማለት ነው፣ ተከፋፍሎ የደረሰ ድርሻም ማለት ነው። ወደ ላይ ሲቆጠር የጥንት ኖርዌዮች ጋ ይደርሳል። እነሱ ዘንድ ቁራጭ እንጨት ማለት ነው።"

"እንጨት?" አሉ እትዬ ቦጋለች። "ታዲያ የእኛው ዕጣ አይደለም እንዴ! አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ጠጠር ይሰጣል፤ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይጥለዋል። ይኼን ብለህ ነው ቀኑን ሙሉ ጦምህን የዋልከው? በል ብላ።" ትንሽ አሰቡና ደግሞ፣ "ብቻ ቁማር እንዳይሆንብኝ።"

"ሐዋርያትስ ዕጣ ጥለው የለ?" አለ ሰይፉ፣ አፉን ሞልቶ።

ዕጣው ቅዳሜ ወጣ። ተክሌ ከኢቶቢኮ፣ ከዌርሃውስ ሥራው፣ ኦቨርታይሙን ትቶ መጣ። እትዬ ቦጋለች የሹራባቸውን ቁልፍ፣ ሥርጉት የጸጉር ማስያዣዋን ለሰይፉ ሰጡ። ሰይፉ ሁለቱንም የሚስተር ዊልፍ ቆብ ውስጥ ከተተ። መጀመሪያ የሚወጣው ፎቁን ያገኛል። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ቀብር ላይ እንዳለ ሰው ኮስተር ብለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ላኩ።

ሥርጉት በልቧ "የእኔን፣ የእኔን" እያለች መሆኑ ታወቃት። አፈረች። "የእሳቸውን ይሁን" ብላ ልታርም ሞከረች፤ ጸሎቱ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

ቁልፉ ወጣ።

ከሁሉ በላይ እልል ያለችው ሥርጉት ናት። ምድር ቤት እንደገባች ግን ፊቷን ወደሚያልበው ግድግዳ አዙራ አለቀሰች።

"ዕጣ ነው፣ ምን ይደረጋል?" አለ ተክሌ ጀርባዋን እያሻሸ። "ሦስት ወር እኮ ምንም አይደለም።"

"ለአንተ ነዋ። እሱ እኮ ሲወለድ መጀመሪያ የሚያየው ይኼን ሻጋታ ነው።"

በማግስቱ ተክሌና ሰይፉ የእትዬ ቦጋለችን አልጋ ሊያወጡ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሥርጉት ከምድር ቤት ብቅ ስትል፣ እትዬ ቦጋለች በደረጃው ግርጌ መደገፊያውን ጨብጠው ቆመዋል። አንድ እግራቸውን አነሱ። መለሱት።

"ምን ሆኑ እትዬ?"

"ምንም። ደረጃውን እያደነቅሁ ነው። እንጨቱ ጥሩ ነው።"

ሥርጉት አፏን ከፈተች። የገዛ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

"እትዬ፣ ክፍሉን እፈልገዋለሁ።"

ወንዶቹ አልጋውን እንደያዙ ቀሩ።

"አልፈልግም ያልኩት ዋሽቼ ነው። እናንተ ስትወጡ እየወጣሁ እቀመጥበት ነበር። ዕጣው የእርስዎ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እፈልገዋለሁ።"

እትዬ ቦጋለች ደረጃው ላይ ዘፍ አሉ።

"ተመስገን! ይኼን አፍሽን የት ደብቀሽው ነበር? እኔ ግቢበት ስልሽ እኮ ግቢበት ማለቴ ነበር!"

"ማን ያምናል እትዬ? ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።"

"ጉልበቴ ደረጃ አይችልም፣ ልጄ። ጉባኤ ፊት ቆሜ ጉልበቴ ተፈወሰ ብዬ መስክሬ፣ አሁን በምን አፌ ልናገር?"

"አልዳኑም ማለት ነው?" አለ ሰይፉ።

"ድኛለሁ" አሉ ቆጣ ብለው። "ሜዳ ላይ።"

ተክሌ በሳቅ አልጋውን ሊጥለው ነበር። ሚስተር ዊልፍ ጫጫታውን ሰምተው ሻይ እንደያዙ ወጡ። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ፤ ዕጣቸውን ሊያፈርሱባቸው ነዋ። ሰይፉ አንገቱን እየሰበረ አስተረጎመ። 

"በካቭል አይቀለድም" አሉ ሽማግሌው። "ግን ካቭል የወጣው ሁሉም ደረቁን ቦታ እኔ ልውሰድ ስለሚል ነው። አንተ ውሰድ እየተባባለ የሚጣላ ሰው ጉድጓድ ውስጥ አላየሁም። ቀያይሩት።" ሻያቸውን ፉት አሉና ጨመሩ፦ "ደግሞ ከናንተ አገር ሰው ጋር ዕጣ አልጫወትም።"

ከሰዓት በኋላ የምድር ቤቱ አልጋ ወደ ፎቅ ወጣ። እትዬ ቦጋለች ከደረጃው ግርጌ ወንበር አስመጥተው፣ ሳያዩ ያዝዙ ጀመር።

"መስኮቱ አጠገብ እንዳታደርጉት! ብርድ ይመታታል! ወዲያ ወደ በሩ!"

ተክሌና ሰይፉ አልጋውን ወደ በሩ ገፉት።

"አይ" አለች ሥርጉት። "መስኮቱ አጠገብ።"