ዝም ያለው አድራሻ

ሰርቨር በሚያከራየው ድርጅት ውስጥ እሷን በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ሁሉም «ቆንቋናዋ» ነው የሚላት፤ ከፊቷም ከኋላዋም። እሷም አትቀየምም። ምን ብላ ትቀየም፣ እውነት ነዋ! ሥራዋ ለሰርቨሮች የኢንተርኔት አድራሻ ማደል ነው። አንድ ሰርቨር ዓለም እንዲያገኘው ቁጥር ያስፈልገዋል፤ አድራሻው ያ ቁጥር ነው። መጀመሪያ ላይ ዘላለም የሚበቃ መስሏቸው ቁጥሩን እንደ ልባቸው ሲበትኑ የነበሩት ሰዎች ዛሬ የሉም፤ ጣጣው የተረፈው ለእሷ ነው። አዲስ ዓይነት፣ ተቆጥሮ የማያልቅ አድራሻ መጥቷል ይባላል፤ መጥቷልም። ግን ግማሹ ደንበኛ ያረጀ መሣሪያውን ይዞ «የድሮውን ስጪኝ» ይላታል። የድሮው ደግሞ አልቋል።

ስለዚህ ትሰስታለች። አድራሻ የሚታደለው ስምንት ስምንት እየሆነ ነው። ደንበኛ ስምንት ሲጠይቃት «ከሌሎች ጋር ብትዳበል ምን ትሆናለህ?» እያለች ታደርቀዋለች። መዳበል ማለት ብዙ ድረ ገጾች በአንድ አድራሻ ሥር እንደ አንድ ግቢ ተከራዮች መኖራቸው ነው፤ እንግዳው ግቢው በር ላይ ስም እየጠራ ይገባል። መዳበል የማይችል ወይም የማይፈልግ ሲመጣባት ግን ካለው ላይ መንጠቅ ግድ ይሆናል። ለመንጠቅም ዘዴ ነበራት። ኮምፒውተሯ ላይ ሆና እያንዳንዱን አድራሻ «አለህ?» ብላ ትጠይቃለች። ያለው «አለሁ» ይላል። ደጋግማ ጠይቃ ድምፅ ካጣች ለባለቤቱ ኢሜይል ትልካለች፤ መልስ ካልመጣ፣ በቃ፣ ሰው የለበትም ብላ ትወስደዋለች። ቢሮው ሁሉ የሚሠራው እንደዚያ ነው። ስልክ አንስቶ የሚደውል አልነበረም፤ ማሽኑ ተጠይቆ ሰው ለምን ይጠየቃል!

በዚያ ሳምንት እንደዚሁ ዝም ያሉ የአንድ ደንበኛ ስምንት አድራሻዎች አግኝታ ለአንዲት ቬሎ አከራይ ሰጥታ ነበር። ሴትዮዋ ሱቋን ኢንተርኔት ላይ ልትከፍት ነው፤ ይዳበሉ ብትባል «እኔ የማንም ደባል አልሆንም፣ የራሴን በር ነው የምፈልገው» ብላ ቢሮውን ስታምስ ዋለች። አለቃው «ስጫትና እንገላገል» አለ። ሰጠቻት፤ ተገላገሉ።

የቆንቋናዋ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። ታናሽ እህቷ በማግስቱ ጠዋት በቀዶ ጥገና ልትወልድ ነው። ደሟ ኦ ኔጌቲቭ ነው፣ እንደ ልብ የማይገኝ። ሐኪሟ «ብዙ ሊፈሳት ስለሚችል ደሙን በእጄ ሳላስገባ አልጀምርም» ብሏል። የደም ባንኩ ሁለት ከረጢት ይዤላታለሁ ብሎ ነበር፤ ቆንቋናዋ ግን በሰው ወሬ የምትረጋ ሴት አይደለችም፤ ራሷ ልታረጋግጥ ከምሳ በፊት ሄደች።

የማቀዝቀዣዎቹ ቴክኒሻን ጸጉሩ የሸበተ፣ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው፤ ገና ስትገባ የት እንደምትሠራ ጠይቋት ነበር።

«አይዞሽ ልጄ፣ ደሙ አለ። ከተማው ዳር ያለው መጋዘናችን ነው ያስቀመጥነው። ነገ በጠዋት ሆስፒታል ይደርሳል።»

«እስከዚያ አይበላሽም ጋሼ?»

«ምን ሲደረግ! እርግጥ ዛሬ ከሰዓት መስመር ሊጠግኑ መብራት ያጠፋሉ። ጄኔሬተር ግን በየመጋዘኑ አለን። ጄኔሬተሩ እንቢ ቢል እንኳ ይቺ አለችልኝ» ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ትንሽ ሳጥን መታ መታ አደረጋት። «በየመጋዘኑ እንደዚች ያለች፣ በባትሪ የምትሠራ አለች። ማቀዝቀዣው ሲሞቅ እናንተ ጋ ላለው ሰርቨራችን ትነግረዋለች፤ እሱ ስልኬን ያስጮኸዋል። ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ ትንፍሽ አትልም። ሰርቨሩም ለማያውቀው አይመልስም፤ ጨዋ ነው።»

ሳጥኗ ላይ የሰርቨሩ አድራሻ ቁጥር ተለጥፏል። ቆንቋናዋ አየችውና ክው አለች። ያንን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች፤ በገዛ እጇ ለቬሎ አከራይዋ የሰጠችው ነው።

«ጋሼ፣ ነጥቄዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«አድራሻውን። ሰርቨራችሁን አለህ ወይ ስለው ዝም አለኝ። ኢሜይልም ልኬ ነበር።»

«ለማን ነው የላክሽው? ሰርቨሩን በስሙ አስመዝግቦ የተከለልን ልጅ አገር ለቆ ከሄደ ስንት ጊዜው!» የቴክኒሻኑ ደም ሥር ተገታተረ። «እና አሁን ማቀዝቀዣዬ ቢሞቅ ወሬው ማን ጋ ነው የሚሄደው?»

«ቬሎ ቤት» አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቅ ነበር።

ሳጥኖቹ ውስጥ ያለውን ቁጥር እንቀይረው ብትል፣ ልጁ የይለፍ ቃሉን ይዞት ሄዷል። እንግዲያው ዛሬ ከዳሩ መጋዘን አይራቁ ብትለው ሰውየው ትክ ብሎ አያት።

«አራት መጋዘን ነው ያለኝ። አንዱ ጋ ስቆም ሦስቱን ማን ያያቸዋል? እዚያ ያለውን ደም የሚጠብቁትም እኮ የሰው እህቶች ናቸው።» ተናደደ እንጂ አልሰደባትም። «በይ ሩጪ፣ መልሺልኝ። እኔ ሞተር ሳይክሌን ይዤ መሀል ከተማ እጠብቃለሁ። የጮኸው ጋ እበራለሁ።»

ቢሮ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጧል። አለቃው ነገሩን ሰምቶ ፊቱ ጠቆረ።

«ሴትዮዋ እኮ ዛሬ ነው የምትከፍተው። ሌላ ስምንት ስጫት።»

«ከየት ላምጣ? ቢኖረኝ መች እነጥቅ ነበር?»

«እንግዲህ ራስሽ ደውይላት» አለና ዞር አለ።

ደወለች።

«ምን? ዛሬ?» አለች ቬሎ አከራይዋ። «ሙሽሮቹ ገና መግባት ሲጀምሩ በሬን ልትዘጊብኝ? ያኔ ስትሰስቺ አቃጠልሽኝ፣ አሁን ደግሞ የሰጠሽውን ልትቀሚኝ! ምን ዓይነት ደረቅ ነሽ አንቺ?»

ቆንቋናዋ የምትለውን አዘጋጅታ ነበር፤ ውሉን፣ አንቀጹን፣ ካሳውን። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «የደም ባንክ ማንቂያ ነው። ሳላጣራ ወስጄባቸው ነው የሰጠሁሽ። እህቴ ነገ ትወልዳለች፤ የሚሰጣት ደም እዚያ ነው ያለው።»

ስልኩ ዝም አለ። ዝም ያለን ነገር አውቃለሁ ብላ አፏን ሞልታ ስትናገር የኖረች ሴት፣ ይኼኛው እሺ ይሁን እንቢ መለየት አቃታት።

«ደም ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ታስፈቅጂኛለሽ? ንቀይው! ደባል እሆናለሁ። ከጫማ ቤት ጋር ብቻ እንዳታደርጊኝ።»

ሱቁን ወደ ደባሎቹ ግቢ አዛወረችው። ስምንቱን አድራሻ ወደ ደም ባንኩ ሰርቨር መለሰች። ሁለቴ ተሳሳተች፣ ሁለቴ አረመች። ጨርሳ ቀና ከማለቷ ቴክኒሻኑ ደወለ።

«መብራቱ ጠፋ።»

«አድራሻው ተመልሷል ጋሼ። አሁን ገና።»

«እንግዲህ እናያለን» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ወዲያ ሥራ የሚባል አልሠራችም። ስልኳን ፊቷ አድርጋ ተቀመጠች። አለቃው ውሃ አመጣላት፤ አልጠጣችውም። እህቷ ደውላ ለሕፃኑ ስለገዛችው ብርድ ልብስ አወራቻት፤ እሺ፣ እሺ አለቻት እንጂ አንድም ቃል አልሰማችም። ከሰዓቱ ወደ ማታ ሊያዘነብል ሲል ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ጮኸልሽ!» አለ ቴክኒሻኑ። ከኋላው ጄኔሬተር ያጓራል። «የዳሩ መጋዘን ነው። ጄኔሬተሩ አልነሳም ብሎ ተገትሮ ኖሯል። እየበረርኩ ደርሼ በእጄ አስነሳሁት።»

«ደሙስ?»

«ሳይሞቅ ደረስኩበት። ሰማሽ ልጄ? ደህና ነው። ሁሉም ደህና ነው።»

እፎይ አለች። ነፍሷ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ ግንባሯን ደፍታ ትንቀጠቀጥ ጀመር፤ አለቃው ደንግጦ «እያለቀስሽ ነው እየሳቅሽ?» ቢላት «እኔ ምን አውቃለሁ!» አለችው። ቀጥላም ፊቷን ጠረግ አድርጋ፣ ከእንግዲህ የሰው ድምፅ ሳይሰማ አንድም አድራሻ እንደማይነጠቅ ነገረችው። «ማን ነው ለዚያ ሁሉ ደንበኛ የሚደውለው?» አላት። «እኔ» አለችው፤ ተስማሙ።

በማግስቱ እህቷ ሴት ልጅ ወለደች። ሐኪሙ የፈራው አልቀረም፤ ብዙ ደም ፈሰሳት። አንደኛው ከረጢት አለቀና ሁለተኛው ተሰቀለላት። ወደ ክፍሏ ሲያስገቧት ባሏ፣ እናቷና አክስቶቿ ሕፃኗን ከበው አፍንጫዋ የማን እንደሆነ ይከራከራሉ። ቆንቋናዋ ብቻ አልጋው ራስጌ ቆማ ከረጢቱን ታያለች። ጠብ ይላል፣ ደግሞ ጠብ ይላል። የእህቷ ከንፈር ቀስ በቀስ ቀለም እየያዘ መጣ።

«እታለም» አለች እህቷ በደከመ ድምፅ፣ «ሰው ሁሉ ልጄን ያያል። አንቺ ምን ላይ ነው ያፈጠጥሽው?»

«አይ፣ ዝም ብዬ ነው።»

«ነይ እያት እንጂ።»

«መጣሁ፣ ትንሽ ቆዪኝ» አለቻትና ከረጢቱ ባዶ እስኪሆን ድረስ ካለችበት አልተነቃነቀችም። ከዚያ በኋላ ነው ልጅቷን የተቀበለቻት፤ እንባዋ የመጣውም ያኔ ነው።