በእህል ሚዛን

ዓለምዬ ጫማዋን አውልቃ የእህል ሚዛኑ ላይ ስትወጣ፣ የእህል ነጋዴው የአሻግሬ ጫኞች እንዳላየ ሰው ፊታቸውን ወደ ገብሱ ክምር አዞሩ። መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ አልነበሩም። ደባርቅ ገበያ ላይ አንዲት ወፍራም ሴት ከገብስና ከስንዴ ጋር ተራ ይዛ ስትመዘን ማን ዝም ብሎ ያልፋል? «ኩንታሉ ሞላ» ያላት ነበር፤ «ኪሎው ስንት ነው?» ብሎ ዋጋ የጠየቀም ነበር። እሷም ሳቅ የማትሰስት ሴት ናትና አብራቸው ትስቅ ነበር። በኋላ ምክንያቱን ለአሻግሬ ብቻ ነገረችው፤ አሻግሬ ደግሞ ጫኞቹን ጥግ ወስዶ አንድ ነገር አላቸው። ከዚያ ወዲህ ሚዛኑን ከአቧራ ጠርገው የሚጠብቋት እነሱ ሆኑ።

«ስንት ይላል?» አለች ዓይኗን ጨፍና።

አሻግሬ የሚዛኑን ብረት ወዲህና ወዲያ ገፋ ገፋ አድርጎ ዝም አለ። እህል ሲመዝን ቁጥሩን ጮክ ብሎ የሚጠራ ነጋዴ ነው።

«ያው ነው፣ ዓለምዬ። ዘጠና አምስት።»

«እስቲ ደግመህ እየው።»

«ሁለቴ አየሁት።»

«ሚዛንህ ተበላሽቶ እንዳይሆን።»

«ሚዛኔስ ደህና ነው» አለ አሻግሬ አንገቱን ደፍቶ። «ተበላሽቶ በሆነ ደስ ባለኝ።»

ስልኳን አውጥታ የሚዛኑን ቁጥር ፎቶ አነሳችና ጎንደር ላለችው ሐኪሟ ለዶክተር ሠርካለም ላከችው። ዶክተሯን በአካል ያየቻት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የጎንደር መንገድ ደስ ሲለው የሚከፈት፣ ሲያሻው የሚዘጋ ሆነና ሕክምናው በስልክ እንዲሆን ተስማሙ። የምትበላውን ትነግራታለች፣ ግፊቷን መድኃኒት ቤት እየተለካች ትልካለች፣ ኪሎዋን በአሻግሬ ሚዛን። ኔትወርክ የራራ ዕለት ደግሞ ፊት ለፊት በቪዲዮ ይተያያሉ።

ይህ ሁሉ ለመልክ አልነበረም። ለመልክ ቢሆን ዓለምዬ ውፍረቷን ትወደዋለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ፊት ስትቀመጥ ወንበሩን ሞልታ፣ ቤቱንም በሳቋ ሞልታ ነው። ምክንያቷ ታናሽ ወንድሟ ደርቤ ነው። ዳባት ያስተምር የነበረው ደርቤ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመው ጎንደር ቤት ተከራይቶ ደሙን በማሽን እያሳጠበ ይኖራል። ኩላሊት ከዘመድ ካልሆነ አይወሰድም ተባለ። ተመረመረች፤ የእሷ ተስማማ። የቀረው ክብደቷ ብቻ ነበር። «ኩላሊትሽስ እንከን የለውም» ብላት ነበር ዶክተሯ በዚያ በመጀመሪያው ቀን፣ «ይህን ውፍረት ይዘሽ ግን ቀዶ ሐኪም አይነካሽም። ከዘጠና ዝቅ በይልኝና ሁለታችሁንም አዲስ አበባ እልካችኋለሁ።» ዓለምዬ ያን ጊዜ ከኩንታል በላይ ነበረች።

ሁዳዴን ሙሉ ወረደች። ቀሚሶቿን በየሳምንቱ እያጠበበች ሰፋች፤ ጨርቁን ግን አልቆረጠችውም፣ ወደ ውስጥ እያጠፈች ነው። በየስፌቱ ደርቤን ያቀረበችው ይመስላት ነበር። ፋሲካ አልፎ ዳግማይ ትንሣኤ ሲመጣ ኪሎው እንደ ግትር በቅሎ ቆመ። ይኸው ወር ሊሞላው ነው።

ማምሻውን ዶክተር ሠርካለም በቪዲዮ ደወለች። ዓለምዬ የሱቋን በር ገርበብ አድርጋ ስልኩን የክር ማስቀመጫው ላይ አስደገፈችው።

«ዓለምዬ፣ ዛሬ አልቆጣሽም። እውነቱን ብቻ ንገሪኝ። ምን እየበላሽ ነው?»

«ያዘዙኝን ነው፣ ዶክተር። ጠዋት አንድ እንቁላል። ቀን ጎመንና ምስር። ማታ እናቴ በውሃ የሠራችው ሽሮ በግማሽ እንጀራ።»

«ቅቤስ?»

«ኧረ በኪዳነምሕረት። ዘይት እንኳ ጠብ አይልበትም።»

«እርምጃውስ?»

«በየቀኑ ጠዋት እስከ ቡይት ራስ መንገድ መጀመሪያ ሄጄ እመለሳለሁ። ሰው አብዳለች እስኪል።»

ፊቷ ስክሪኑ ላይ እየቆመ እየተንቀሳቀሰ ነው። «ስሚኝ፤ እኔ እንዳንቺ ያሉ ብዙ ሰዎች አያለሁ። ለወንድሜ እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ኋላ ፍርሃት የሚይዘው አለ። ነውር አይደለም። አልሰጥም ማለት ሲያቅተው ግን በምግብ ያመካኛል።»

«እኔ አልፈራሁም።»

«እሺ። ግን አዲስ አበባ በሰኔ ሊቀበሉን ቀጠሮ ይዘውልናል። እንዲህ ከቀጠለ ቀጠሮው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ደርቤም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም።»

መስመሩ ተቆረጠ። ዓለምዬ ስልኩን እያየች ቆየች። ከስድብ ሁሉ ይልቅ ያ ትሕትናው አቃጠላት። ሐኪሟ ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

ሱቁን ሳትዘጋ ደርቤ ደወለ። ድምፁ የሩቅ ሰው ድምፅ ሆኗል።

«ዓለምዬ፣ ሐኪሟ አነጋገረችኝ።»

«ምን አለችህ?»

«ኪሎው እምቢ አለ አለችኝ። እ... እንዳትቀየሚኝ። ብትፈሪ አልፈርድብሽም። እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን እፈራ ነበር።»

«ደርቤ፣ በአባታችን ዐፅም። አፌን ዘግቼ ነው ያለሁት።»

«እሺ» አለ። «እማዬ ደህና ናት? አልነገርሽያትም አይደል?»

«አልነገርኋትም።»

«እንዳትሰማ። አደራ።»

ያ «እሺ» አምኖላት ይሁን አዝኖላት ዓለምዬ እስከ ዛሬ አታውቅም።

እናታቸውን ወይዘሮ ብርሃኔን አስመልክቶ ወንድምና እህት የተማማሉት ገና ከመጀመሪያው ነው። ወይዘሮ ብርሃኔ ባሏንና የበኩር ልጇን ቀብራለች። የቀሯት ሁለቱ ልጆቿ ባንድ ቀን ቢላዋ ሥር ሊተኙ ነው ተብሎ ለእሷ እንዴት ይነገራል? «ሰምታ አታድርም» አለ ደርቤ፣ «ብታድርም አንቺን ታስቀርሻለች።» ስለዚህ የደርቤ ሕመም ጨጓራ ተባለ፤ የዓለምዬም መክሳት ለግፊቷ ሐኪም ያዘዘው ተባለ። ክፉ ወሬን ከእናት መደበቅ በዚያ አገር እንደ መጦር ይቆጠራል። ሁለቱም እናታቸውን የጦሩ መስሏቸው ነበር።

ቤት ስትገባ እናቷ ሽሮውን ከነድስቱ አቀረበችላት። ወይዘሮ ብርሃኔ ከፋሲካ ወዲህ ራሷን ቅቤ መቀባት አብዝታለች፤ ነጠላዋ ሳይቀር ወዝቷል፣ ቤቱ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

«እማዬ፣ ምነው ሰሞኑን ሙሽራ ሆንሽ?» አለቻት ዓለምዬ እየሳቀች።

«ራሴን እያመመኝ ነው ልጄ። ቅቤ ሲነካው ቀለል ይለኛል። በይ ብይ።»

«ሽሮው በውሃ ነው አይደል?»

«በውሃ ነው እንጂ በምን ይሆናል? አንች እንዳልሽኝ።»

ቆርሳ ጎረሰች። ጣፈጣት። ቀኑን ሙሉ ጎመን ነክታ የዋለች ሴት ምን የማይጣፍጣት አለ? ሳህኑን ጠርጋ በላች፤ ጠርጋ ብትበላም ግማሽ እንጀራ ነው፣ ልክ እንደታዘዘችው። እናቷ ከመደቡ ላይ ሆና እስክትጨርስ ዓይኗን አልነቀለችባትም።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ፈጥኖ ሆነ። ጰራቅሊጦስ አልፎ የሰኔ ጾም በገባ በሳምንቱ፣ ለእጥበቱ የደርቤ ደረት ላይ የገባው ቱቦ አመረቀዘ፤ መርዙ ደሙ ውስጥ ገባ። ቀጠሮው ቀድሞውንም ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ዓለምዬ መንገድ ተከፍቶላት ጎንደር ስትደርስ ደርቤ አይሰማም ነበር። እጁን ይዛ «አልፈራሁም እኮ፣ ደርቤ» አለችው።

መርዶውን ለወይዘሮ ብርሃኔ በማለዳ የነገሯት የነፍስ አባቷ መምሬ ባርናባስና ሽማግሌዎቹ ናቸው። «ጨጓራ አላላችሁኝም?» ነበር የመጀመሪያ ቃሏ። «በጨጓራ ሰው ይሞታል እንዴ?» መምሬ ጸሎት ጀመሩ። በዚያው ዕለት ራሷን ተላጨች።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ ዓለምዬን እያየ ደረቱን መታ። «ይችን ሐዘን ጨረሳት» አሉ። ከሰልስቱ በኋላ ባሉት ቀናት ሰውነቷ እንደ ሻማ ቀለጠ። አንድ ቀን ገበያ ስትሻገር እግሯ ሳታዘው ወደ አሻግሬ መጋዘን ወሰዳት። ማንም ሳይጠይቃት ጫማዋን አውልቃ ሚዛኑ ላይ ወጣች። አሻግሬ ብረቱን ገፋ፤ ቁጥሩን አየ። እሷም ጎንበስ ብላ አየችው። ሰማንያ ስምንት። እዚያው ሚዛኑ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ጫኞቹም ጆንያቸውን አውርደው አብረዋት ቆሙ።

የሰኔው ጾም ተፈታ፤ የደርቤ አርባም ወጣ። በማግስቱ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ወይዘሮ ብርሃኔ ለልጇ ምሳ አቀረበች። ሽሮው ላይ ቅቤው ቢጫ ሆኖ ይንሳፈፋል።

«ዛሬ እንኳ በግልጥ ነው የሠራሁልሽ» አለች።

«ምኑን?»

«ቅቤውን። እንግዲህ ተቆጭኝ። ከፋሲካ ጀምሮ የሰኔ ጾም እስኪገባ በሽሮሽ ውስጥ ለጋ ቅቤ ሳልጨምር ያደርሁበት ማታ አልነበረም።»

ዓለምዬ እጇ እንጀራው ላይ ቀረ። «ምን አልሽኝ፣ እማዬ?»

«ምን ላርግ ልጄ? ማኅበር ላይ ሴቶቹ ‹ልጅሽ ምን አግኝቷት ነው እንዲህ ያለቀችው? ሳትቀድምሽ ጠይቂያት› ቢሉኝ ልቤ ስንጥቅ አለ። ወንድምሽ ጎንደር ተኝቶ ቀረ። አንች ዓይኔ እያየ ታልቂያለሽ። ሁዳዴው እስኪፈታ ታገሥሁ። ከዚያ ግን ሐኪምም ቢል አልሰማም አልሁ።»

«በውሃ ነው ስትይኝ...»

«ዋሸሁሽ። ንስሐም ገብቼበታለሁ። ሽታው እንዳይነቃብኝ ብዬ እኮ ነው ራሴን እየተቀባሁ የከረምሁት።» የተላጨ ራሷን በመዳፏ ዳበሰች። «እሱን አልደረስሁለትም። ምን እንደሚበላ እንኳ አላውቅም ነበር። አንችን ግን አተረፍሁ። ይህን ሐዘን በእግርሽ የቆምሽበት በዚያ ቅቤ ነው። እግዜር ይመስገን፣ አንዷን አተረፍሁ።»

ዓለምዬ አፏን ከፈተች። ሁሉን ልትነግራት ነበር። ዘጠና አምስት ላይ የቆመው ሚዛን፣ ያመለጠው ቀጠሮ፣ ያ «እሺ»፣ ሁሉም በዚያ አንድ ማንኪያ ቅቤ ውስጥ ነበሩ። ደግሞም በዚያ በሚጣፍጣት ሽሮ ውስጥ ምላሷ የቅቤውን ጣዕም ለይቶ ዝም ብሎ እንደሆነስ? ይህን ማንን ትጠይቀዋለች?

ስልኳ ጮኸ። ዶክተር ሠርካለም ናት። ወደ ደጅ እንድትወጣ ዝናቡ አይፈቅድም፤ እዚያው እናቷ አጠገብ አነሳችው።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ዓለምዬ። ቶሎ ሳልደውል ቀረሁ። አፈርሁ።»

«ምን ያሳፍርዎታል፣ ዶክተር?»

«ያኔ አላመንሁሽም። ኪሎ የሚያስቆም የእንቅርት ሕመም አለ፤ ሌላም አለ። ደምሽን ሳልመረምር ፈረድሁብሽ። ለደርቤም የነገርሁት እኔ ነኝ። ያ ነገር አላስተኛ አለኝ። ነይና እንመርምርሽ። ምክንያቱ ይታወቅ፤ አንቺም ከሐሜት ትወጪያለሽ።»

ዓለምዬ እናቷን አየቻት። ወይዘሮ ብርሃኔ ሽሮው እንዳይቀዘቅዝ በእንጀራው ጫፍ እየሸፈነችው ነው። ጣቶቿ በቅቤ ወዝተዋል። እነዚያ ጣቶች የሠሩትን ቢያውቁ አንድ ቀን አያድሩም።

«ምርመራ አያስፈልግም፣ ዶክተር» አለች ዓለምዬ። «እንደጠረጠሩት ነው። ደብቄ እበላ ነበር።»

ቆርቆሮው ብቻ ይጮሃል።

«ለምን፣ ዓለምዬ?»

«ርቦኝ» አለች። «ርቦኝ ነው።»

ስልኩን ዘግታ መደቡ ላይ በፊቱ ደፋችው።

«ማን ናት?» አለች እናቷ።

«ጎንደር ያለች ሐኪም ናት። ልታጽናናኝ ነው።»

«ምን ደብቀሽ በላሽ?»

«ምንም፣ እማዬ። የድሮ ነገር ነው።»

«በይ እንግዲህ ብይ። ቅቤው ሳይረጋ።»

ዓለምዬ እንጀራውን ገለጠች፤ ቅቤው ካለበት በኩል አጥቅሳ ጎረሰች፣ እናቷም እንደ ሕፃን አፍ አፏን አየቻት።

«ጣፈጠሽ?»

«ጣፈጠኝ፣ እማዬ» አለችና ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። «ጨምሪልኝ።»