ለመርዶ የተገዛ ጎማ

«ለጠጠር መንገድ የቻይናው አይሆንም፤ ጎኑ ስስ ነው» አለ አንዱ ድንኳኑ ውስጥ።

«የቻይናው ምን ሆነ? የእኔ ስንት ክረምት ይዞልኛል» አለ ሌላው።

ሥራነሽ ሳሎኑ ወለል ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጣ፣ በተከፈተው መስኮት ሁሉንም ትሰማለች። ባሏ መምህር ፍሥሐ ከተቀበረ ገና ሳልስቱ መውጣቱ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ግቢዋ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ቀጥሎ ንፍሮውን ይዘግናል፣ ከዚያ ስለ ጎማ ያወራል። ሟቹን የሚያነሳ ሰው ጠፍቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሥሐ የሞተው በድንገት፣ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ እያጠፋ ሳለ ነው። በማግስቱ ተቀበረ። ከቁይ ወዲያ ገጠር የሚኖሩት እናቱ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ልባቸው ደካማ ነውና፣ ሽማግሌዎቹ «ከቀብሩ በኋላ ሄደን ቀስ ብለን እናርዳቸው» አሉ። መርዶውን እንዲያደርሱም ታናሽ ወንድሙ አማረና የነፍስ አባቱ ቄስ ታዲዮስ ተመረጡ። የሚሄዱት በፍሥሐ አሮጌ ኮሮላ ነው። አማረ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና «በዚህ ጎማ ጠጠር ላይ አልወጣም» አለ። እውነቱን ነው፤ ጎማዎቹ እንደ መላጣ ራስ ያበሩ ነበር። ጎማ ይገዛ ተባለ። የሥራነሽ ፍዳ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

አማረ ጠዋት ይወጣና ማታ ባዶ እጁን ይመለሳል። አንዴ ልኩ ጠፋ። አንዴ ልኩ ተገኘ፣ ግን መጋዘን ውስጥ ብዙ ቆይቷል ተባለ። ሰልባጅ የጃፓን ጎማ ከአዲስ ይበልጣል ብሎ ያሳመነውም አለ፤ አሳማኙ ከሉማሜ ለልቅሶ የመጣ፣ ከበቅሎ በቀር ምንም ነድቶ የማያውቅ ሰው ነው።

አማረ ዛሬም መጥቶ ከፍራሹ ጫፍ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ፣ ሁለት ብቻ ይበቃል የሚሉ አሉ። አዲሶቹ ከኋላ ይሁኑ ይላሉ። እኔ ደግሞ ከፊት ቢሆኑ...»

«ከፈለግህ ጣራው ላይ ስቀላቸው።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ለቀስተኛ ሳቋን በእጇ አፈነች።

«አዲስ አበባ ጓደኛዬ ዘንድ ደውዬ ነበር» አለ አማረ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሱ ዘንድ ኦርጅናል አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ይልከዋል።»

«እናትህ እስከዚያ ቁይ ገበያ ወርደው ከሰው አፍ ይስሙት?»

አማረ አቀርቅሮ የምንጣፉን ጠርዝ ይነካካ ጀመር። ሥራነሽ አየችውና ነደዳት፤ ይህን ማቀርቀር ታውቀዋለች። ወንድሙም እንዲሁ ነበር።

የራሷ አባት የሞቱ ጊዜ ስልኩ የተደወለው ለፍሥሐ ነው፣ በጠዋት። ፍሥሐ ምንም አልተናገረም። መዶሻ አንስቶ የግቢውን በር ማጠፊያ መጠገን ያዘ። እሷ ሚስማር ስታቀብለው፣ ስትቀልድበት፣ «መምህር አናጢ ሆነልኝ» ስትለው ረፈደ። በሩ ሲያልቅ መኪናዋን አጠበ። ማጠቡ ሲያልቅ የጎረቤትን መኪና አጠበ። ከቀትር በኋላ ሥራነሽ ፊት ለፊቱ ቆማ «ማን ሞተ?» አለችው። ያኔ የታጠበውን መኪና ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ለምን እንደ ደበቃት ስትጠይቀው «ግማሽ ቀን አባትሽ እንዲኖሩልሽ ብዬ ነው» አላት። ሥራነሽ ይህን ይቅር ያለችው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። አባቷ ሬሳ ሆነው ተጋድመው እሷ ስትስቅ መዋሏ ሁልጊዜ ያንገበግባታል።

ብድግ አለች።

«ወዴት ነው?» አሉ ሴቶቹ።

«ጎማ ልገዛ።»

«ሐዘንተኛ ደጅ ይወጣል እንዴ፣ ምን ይሉሻል?»

«ምን እንደሚሉኝ ሲጨርሱ ይንገሩኝ» አለችና ወጣች። አማረ እየሮጠ ተከተላት።

ጎማ ሻጩ የተሠራበትን አገር፣ የጥርሱን ጥልቀት ሊዘረዝር አፉን ሲከፍት አቋረጠችው። «ልኩ ይኼ ነው፣ መንገዱ ጠጠር ነው፣ ዛሬ የሚገጠም ስጠኝ። አራቱንም።» አማረ አንዱን ጎማ በአውራ ጣቱ ተጭኖ «ትንሽ ይጠነክራል» አለ። ሥራነሽ ዞራ አየችው። ጣቱን አነሳ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አማረና ቄሱ ተነሱ። እሷም ገባች፤ ሁለቱን ብቻቸውን ብትልካቸው ቁይ ሻይ ቤት ተቀምጠው እንደሚከርሙ እርግጠኛ ናት። እማሆይ ከሩቅ ጥቁር እንዳያዩ ከሏን አውልቃ ነጭ የሰንበት ቀሚሷን ለበሰች።

ቁይን አልፈው ወንዙን እንደ ተሻገሩ የሰፈሩ ባሕር ዛፎች ታዩ። ሥራነሽን ድንገት አንድ ነገር ታወሳት። ይህን ሁሉ ቀን ስለ ጎማ ሲጨቃጨቁ ስለ መኪናዋ ያሰበ አልነበረም። እማሆይ የኮሮላዋን ድምፅ ከወንዙ ማዶ ይለያሉ። በሰሙ ቁጥር ልጄ መጣ ብለው በር ላይ ይቆማሉ።

«አቁም» አለችው አማረን። «ከዚህ በእግር ነው የምንሄደው።»

ምንም አልጠቀመም። ሲደርሱ እማሆይ በራቸው ላይ ቆመዋል። ምርኩዛቸውን ይዘው፣ የሚመጡትን ሳይሆን ከኋላቸው ያለውን መንገድ ያያሉ።

«መኪናዋን ሰማኋት እኮ» አሉ፣ የቄስ ታዲዮስን መስቀል ከተሳለሙ በኋላ። «ምነው ቆመች? ፍሥሐስ?»

ቄስ ታዲዮስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና አማረን አዩት።

«ጎማዋ ነው፣ እማዬ» አለ አማረ።

«ጎማዋ ምን ሆነ?»

«አዲስ ነው። ትናንት ነው የገዛነው። ለጠጠር የሚሆን ነው...»

«ታዲያ እሱ እሷን ሲጠጋግን ቀረ?» እማሆይ ፈገግ አሉ። «መቼም እጁ ሥራ አይፈታ።»

አማረ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ሥራነሽ በአማረ ተናደደች። በቄሱ ተናደደች። ከሁሉ ይልቅ ይህን ሁሉ ለእሷ ጥሎ በሄደው በፍሥሐ ተናደደች፤ እሱ ቢኖር ምን እንደሚያደርግም አወቀች። በሩን ይጠግን ነበር። የእማሆይን ፈገግታ እያየች ለአፍታ ያህል እሷም ማጠፊያውን ተመለከተች፤ የላላ ነገር እንዳለ ፈለገች።

ነጠላዋን እንደ ደህና ቀን ለብሳው ነበር፣ ጥለቱ ወደ ታች። ከትከሻዋ አወረደችው። እማሆይ እያዩዋት ገለበጠችውና፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው ጥለቱን አንገቷ ላይ አድርጋ መልሳ ተከናነበችው።