ሰው የለም ያለው ቴሌቪዥን

«ጋሼ፣ እጅዎን ትንሽ ያወዛውዙልኝማ፤ ይመለሳል» አለ ዮሲ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ቢሻው ኩታቸውን እንደተከናነቡ አፈጠጡበት። በሠልስት ቀን፣ ልቅሶ ቤት ተቀምጠው፣ እጃቸውን ሊያወዛውዙ! ከደቂቃ በፊት የሟቹ የተድላ ፊት የነበረበት ግድግዳ ላይ አሁን ጥቁር መስታወት ብቻ ቀርቷል።

«ምን ሆኖ ጠፋ?» አለች የሟች ባለቤት በዛወርቅ፣ ከፍራሹ ሳትነሳ።

«ምንም አልሆነ እማዬ። የሚንቀሳቀስ ካላየ ሰው የለም ብሎ ራሱን ያጠፋል። መብራት ለመቆጠብ ነው።»

ሰው የለም! ቤቱ በለቀስተኛ ግጥም ብሎ ሞልቶ! ልቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው አንገቱን ከመድፋት በቀር ምን ያድርግ፣ እስክስታ ይውረድ? የበዛወርቅ ደም ፈላ።

ዮሲ ዕቃውን ከአዲስ አበባ ያመጣው ትናንት ነው። ሲፈልጉት ቴሌቪዥን፣ ሲተዉት የግድግዳ ስዕል የሚሆን፣ ዳር ዳሩ እንጨት መሳይ ፕላስቲክ። ጎረቤቶች «ልቅሶ ቤት ቴሌቪዥን ይሸፈናል እንጂ ይሰቀላል እንዴ?» ብለው ቢያንሾካሹኩም፣ «ፎቶ ነው» ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው።

ያውም ለተድላ! ተድላ እኮ ፍሬም ሠሪ ነበር። ቦንጋ ውስጥ ሰው ሲሞት ፎቶው የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ከደረቀ ዋንዛ ፍሬሙን ሠርቶ በሠልስቱ ማለዳ ራሱ ይዞ ይሄዳል፤ በሰው አይልክም። «ከቸኮልኩ ይጣመማል። የሞተ ሰው ተጣሞ መታየት የለበትም» ይል ነበር። ምስማሩን መትቶ፣ ሰቅሎ፣ ራቅ ብሎ ካየ በኋላ ነው ቁጭ ብሎ የሚያለቅሰው። ዮሲንም ሊያስተምረው ሞክሮ ነበር፤ ልጁ ግን የእንጨት ብናኝ ያስነጥሰኛል ብሎ አዲስ አበባ ገባ። ይኸው የአገሩን ሙት ሁሉ በወጉ የሰቀለ ሰው ለራሱ ፕላስቲክ ደረሰው።

«ወንድሜን! ወንድሜን!»

የተድላ ታላቅ እህት እትዬ ውባየሁ ከማንኪራ በእግራቸው መጥተው ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። መስታወቱ እንቅስቃሴ አየና ቦግ አለ። እትዬ ውባየሁ ወደ ብርሃኑ ቀና አሉ። የወጣው ግን ተድላ አልነበረም፤ ፋብሪካው ቀድሞ የሞላበት ስዕል ነው፣ ባሕር ላይ የቆመች ነጭ ጀልባ። ልቅሷቸው አፋቸው ላይ ቀረ።

«የታለ?» አሉ ዙሪያቸውን እያዩ። «ወንድሜ የታለ?»

ዮሲ ሪሞቱን ደጋግሞ ተጫነ። ጀልባዋ ሄደች፤ አበባ መጣ።

በዛወርቅ ተነስታ ገመዱን ከሶኬቱ መነጨቀችው። «ይበቃል! አባትህ መጫወቻ ነው? እህቱ ዳገት ቁልቁለት ወጥተው ወርደው የመጡት ለጀልባ ሊያለቅሱ ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ!» ጮኸ ዮሲ። «የሰውን ሁሉ ሲሰቅል ራሱ ፎቶ ተነስቶ ያውቃል? ያለችው ስልኬ ላይ ያለችው አንዷ ናት። በባዶ ግድግዳ ይለቀስለት?» ከዚያ ድምፁ ተሰበረ፤ ከቀብሩ ወዲህ ሲያለቅስ የመጀመሪያው ነው።

የበዛወርቅ ንዴት አልበረደም፤ ልጇ ግን እውነቱን ነው። ስልኩን ከእጁ ተቀብላ እትዬ ውባየሁን ፍራሹ ላይ አስቀመጠቻቸውና ጉልበታቸው ላይ አደረገችላቸው። ተድላ ነው፤ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ ይስቃል። እትዬ ውባየሁ ልቅሷቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ፤ ቤቱም አብሮ አለቀሰ።

ጥቂት ቆይቶ የስልኩ ብርሃን መድከም ጀመረ። በዛወርቅ አጠገባቸው ተቀምጣ በአውራ ጣቷ የባሏን ጉንጭ ነካ አደረገች፤ ብርሃኑ ተመለሰ።