ከቸኮሌቱ በኋላ ስልክ የለም

«ስልኩን ሳነሳ ሳቋ ነው የቀደመኝ» አለ አድማሴ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። ‹አንተ ጅል፣ ታምሜልሃለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ፤ አንተም ይቅር በለኝ› አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ሳቀች።»

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሰዎች ከንፈራቸውን መጠጡ። አድማሴ ይህንኑ ታሪክ ከእህቱ ቀብር ወዲህ ለመጣ ሰው ሁሉ ይነግራል። የእህቱ ልጅ ሳያት ወጥ ቤት ቆማ ሻይ በፔርሙዝ ትሞላለች፤ ወሬው ሳቁ ላይ በደረሰ ቁጥር እጇን ታቆማለች። እናቷ ብዙወርቅ በደወለችበት ምሽት ቸኮሌት በልታ ነበር። ቸኮሌቱን የሠራችው ሳያት ናት፤ ውስጡም ካናቢስ ነበረበት። ሳያት እስከምታውቀው፣ ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

ሻዩን ይዛ ገባች። «ጋሼ አድማሴ፣ ትጠጣለህ?»

«ይጠጣሉ በይ እንጂ ልጄ» አሏት የእናቷ ጓደኛ እትዬ አበባይሽ፣ እንደመቆጣት ብለው።

«ተያት፤ እዚህ ሆላንድ ያደገ ልጅ ሁሉ እንዲሁ ነው» አለ አድማሴ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀበላት።

እትዬ አበባይሽ ተከትለዋት ወጥ ቤት ገቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያቺ ስልክ ባትኖር ኖሮ ይኸ ሰውዬ ዛሬ እዚህ ቤት በምን ዓይኑ ይገባ ነበር? እሷው ናት ያዳነችው። አሁን አንቺም እህል ቅመሺ፣ በሞቴ።»

ሳያት አንገቷን ነቀነቀች። ወደ ፔርሙዟ ተመለሰች።

የአድማሴና የብዙወርቅ ጠብ ምክንያት መርዶ ነው። እናታቸው አዲስ አበባ ስታርፍ ብዙወርቅ ገና ከቀዶ ሕክምና መውጣቷ ነበር። አድማሴ «ትጠንክርና ይነገራታል» ብሎ ደበቃት። ስትጠነክር ደግሞ የወዳጅ ሰርግ ደረሰ፤ «ሰርጉ ይለፍ» አለ። ብዙወርቅ በዚያ ሰርግ ላይ እስክስታ ወረደች። በሳምንቱ አንዲት ሴት ትራም ውስጥ አግኝታት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ስትላት ነው እናቷ መሞቷን ያወቀችው። «እናቴን አፈር በልቷት እኔን አስጨፈረኝ፤ እሱም ቆሞ አጨበጨበልኝ» ትል ነበር። ቀብሬ ላይ እንዳይቆም እስከ ማለት ደርሳለች። ብዙወርቅ ደግሞ ያለችውን የምትረሳ ሴት አልነበረችም።

ቭላርዲንገን በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው አካል ስታነሳና ስታስተኛ ኖራ፣ በመጨረሻ የራሷ አጥንት ከዳት። ካንሰሩ ወገቧ ላይ ወጣ። የሚያስታግሰው መድኃኒት ያቅለሸልሻታል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ሳያት የቸኮሌቱን ነገር እየፈራች አነሳችላት።

«ሐሺሽ? እኔን? የማርያም ማኅበርተኛዋን?»

«እማ፣ እንዳታጨሺው ነው የምሠራልሽ። ሃውስአርትሷን እንጠይቃት።»

«እኔው ራሴ እጠይቃታለሁ።»

በእርግጥም ሄዳ የቤተሰብ ሐኪሟን ፊት ለፊት ጠየቀቻት። ሐኪሟ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች አንድ በአንድ ካየች በኋላ በጣም በትንሹ እንድትጀምር፣ ከእንቅልፍ መድኃኒትም ጋር እንዳትቀላቅለው መከረቻት። ብዙወርቅ ወደ ቤት ስትመለስ የቀራት ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ጾም ነው፤ ወተት የለበትም አይደል?» ሐሺሹን ትታ የወተቱ ነገር አስጨነቃት።

እናም ሳያት በኮኮናት ዘይት ሠራችላት። ቅጠሉን ምድጃ ውስጥ በለዘብተኛ እሳት አደረቀች፤ በዘይቱ ላይ ቀስ ብላ አበሰለች፤ አጥልላ፣ በእንፋሎት ካቀለጠችው ጥቁር ቸኮሌት ጋር አዋሐደች። ሽታው እንዳይወራባቸው መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ነበር። ብዙወርቅ በጋቢ ተጠቅልላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዛለች።

«አማስዪ! ለሁሉም እኩል ካልደረሰ አንዱ ባዶ፣ አንዱ መርዝ ይሆንብኛል። ሽሮ እንኳ እንዲህ እጅ አጣጥፎ አይሠራም።»

የጠጠረውን በጥፍር ልክ እየቆራረጡ ቁልፍ ባለው ቆርቆሮ አኖሩት። የእንግዳ ልጅ ከረሜላ መስሎት እንዳያነሳው ሳያት «መድኃኒት» ብላ በትልቁ ጻፈችበት፤ ከቁም ሣጥኑም አናት ላይ አወጣችው።

የመጀመሪያው ምሽት ግን አላማረም። ብዙወርቅ አንዷን በልታ ትንሽ ጠበቀችና «ይኸማ ባዶ ነው» ብላ ሌላ ደገመች። በሆድ የሚገባው ዘግይቶ እንደሚሠራ ሳያት ነግራት ነበር፤ ግን ማን ይሰማል? ኋላ አልጋውን ጠርዝና ጠርዙን ይዛ «ሳያት፣ አልጋው እየሄደ ነው፤ አስቁሚልኝ!» ስትል ሳያት ውሃ እያጠጣች፣ እጇን ይዛ አነጋች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለእትዬ አበባይሽ ደውላ ስለ ድፎ ዳቧቸው እውነቱን ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጣ፦ አንዷ ከተበላች ሌላ አይደገምም፤ ከቸኮሌቱ በኋላ ስልክ የለም፣ ምድጃ የለም፣ ውሳኔ የለም። ብዙወርቅ ሕጉን አከበረች። እንቅልፏም ተመለሰ፤ አንዳንድ ማታ ሳያት ሰምታው የማታውቀው ሳቅ ከመኝታ ቤት ይሰማ ነበር። እናቷን እንደዚያን ሰሞን ወድዳት አታውቅም።

ለአድማሴ በተደወለበት ምሽት ግን ሳያት ከዴን ሃግ ቢሮዋ ስትመለስ ባቡሩ ቆመባት። ሮተርዳም ያለው ቤታቸው ስትደርስ እናቷ ቸኮሌቷን በልታ፣ ስልኳን ደረቷ ላይ አስተኝታ ፈገግ ብላለች። «አድማሴ ጋ ደወልኩ። እሑድ ይመጣል» አለቻት። እሑድ አልደረሰም፤ ዓርብ ዕለት አረፈች።

አሁን ሳያትን የሚያስጨንቃት ይኸው ነው። ይቅር ያለችው እናቴ ናት ወይስ ቸኮሌቱ? ዝም ብትል ማን ይጎዳል? አጎቷ እድሜውን ሙሉ በዚያ ስልክ ተጽናንቶ ይኖራል። «ለቅሶው ይለፍና ይነገረዋል» ስትል ራሷን ሰማችና ደነገጠች። ይህን ቃል ታውቀዋለች፤ እናቷን ዘጠኝ ዓመት ያቃጠላት ቃል ነው።

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሲቀንስ አድማሴ እጅጌውን ሰብስቦ ብርጭቆ ሊያጥብ ወጥ ቤት ገባ። ሳያት በሩን ዘጋች።

«ጋሼ አድማሴ፣ እማ ስትደውልልህ...» የበሩን እጀታ እንደያዘች ነበር። «ለሕመሟ የሠራሁላት ቸኮሌት ነበር። ካናቢስ አለበት። በልታው ነው የደወለችልህ። ሶሪ። ልደብቅህ አልፈለግኩም።»

አድማሴ ብርጭቆውን ማጠቡን አላቆመም።

«ነግራኛለች» አለ።

«መቼ?»

«በማግስቱ ጠዋት ደወለችልኛ! አንቺ ሥራ ሄደሽ ነበር። ‹ትናንት የሳያትን ቸኮሌት በልቼ ነው የደወልኩልህ። በሞቅታ የተሰጠ ይቅርታ ይቅርታ አይደለም። ዛሬ ሻይ ብቻ ነው የጠጣሁት፤ ወገቤም እየቆረጠኝ ነው፤ ስለዚህ እኔው ነኝ› አለችኝ።»

«ኤችት ዋር? እውነትህን ነው?»

«‹መጀመሪያ ስድብህን ተቀበል፤ ማታ ረስቼዋለሁ› አለችኝ። ከዚያማ ምኑን ልንገርሽ! ሰርጉን፣ ጭብጨባዬን፣ የልጅነቴን ሁሉ እያነሳች አንድም ሳታስቀር ሰደበችኝ። ቁጭ ብዬ ሰማኋት። እውነቷን ነበር። ሲደክማት ‹በቃ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። እሑድ ና› አለች። አልሳቀችም።»

«ታዲያ ለሰው ለምን የማታውን ብቻ ትናገራለህ?»

አድማሴ ቧንቧውን ዘጋ። «ስድቡን ለራሴ አስቀረሁት» አለ። እጁ በአረፋ ተሸፍኗል፤ እንባው መነጽሩን አጨለመው፤ የሚያብስበት አጥቶ እጁን ወደ ላይ ይዞ ቆመ።

ሳያት መነጽሩን ከፊቱ አወለቀችለት። በውሃ አጥባ፣ በጥቁር ቀሚሷ ጫፍ አደረቀችው። ከዚያ አገጩን በጣቷ ቀና አድርጋ፣ አንዱን ጆሮ፣ ቀጥሎም ሌላውን ፈልጋ መልሳ አጠለቀችለት፤ እሷም አለቀሰች።