የድንኳን ፈቃድ ስንት ቀን ይፈጃል
አጥኚዋ እንግዶችን በድንኳን የሚያሳድር አንድ የመዝናኛ ካምፕ ኩባንያ በአገሯ ቢሰማራ ያዋጣው እንደሆነ ልትመዝን ተልካለች፤ ካዋጣው የካምፑ ሥራ አስኪያጅነት ለእርሷ ታስቧል። የቀራት አንድ ጥያቄ፣ ፈቃድ ስንት ቀን ይፈጃል የሚለው ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ራሷ ማመልከቻ አስገብታለች፤ የፈቃድ ክፍሉ ጸሐፊ ግን የቤት ቁጥር የሌለው ድንኳን አልመዘግብም ብሎ አርባ ቀን አመላልሷታል።

የክፍሉ ኃላፊ አጎቷ ነበሩ። ነገሩን በመጨረሻ ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እያለሁልሽ ወረፋ ምን ያደርግልሻል?» አሉና ማመልከቻው ላይ ፈረሙ። «በይ፣ አንድ ቀን ብለሽ ጻፊ።»

«ለኩባንያው አጎት ከየት ላምጣለት?»

«ሹመቱ ሲያመልጥሽ ታዪዋለሽ!»

አጥኚዋ የተፈረመውን ማመልከቻ መለሰችላቸው፤ ሪፖርቱም ላይ «አርባ ቀን፤ ገና አላለቀም» ብላ ጻፈች።